ወገቤና የካይሮፕራክተሯ እጅ

ዛሬ ወገቤን ለማላውቀው ሰው እጅ ሰጥቼ መጣሁ፤ ለካይሮፕራክተር፣ አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ ለሚያክም ባለሙያ። ስፈራ ስቸር ነው የሄድኩት።

ሥራዬ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከአልጋ ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ወንበር ላይ ማስቀመጥ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና። ሰሞኑን ካልሲ ላደርግ ጎንበስ ስል እንኳ ወገቤ ቀጥ አድርጎ ይይዘኝ ጀመር። ደሴ ለእማዬ ደውዬ ስነግራት፣ "እዛ አገር ወጌሻ የለም እንዴ ልጄ?" አለችኝ። አለ እማዬ፣ ግን ፎርም ያስሞላል።

የምሬን ነው፣ ያስሞላል። ፎርሙ ደግሞ ስለ ወገብ ብቻ አይጠይቅም። ደም ማቅጠኛ ትወስጃለሽ? ካንሰር ይዞሽ ያውቃል? አጥንትሽ ሳስቷል ተብለሻል? ያለ ምክንያት ከስተሻል? ትኩሳት አለሽ? ነፍሰ ጡር ነሽ? ሞልቼ ስገባ ዶክተሯ ራሷ እንደገና ከሀ ጀመረች። መቼ ጀመረሽ፣ ምን ስታደርጊ ይብስብሻል፣ ወደ እግርሽ ይወርዳል ወይ። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ "ሽንትሽን መቆጣጠር አቅቶሽ ያውቃል? በጭኖችሽ መሐል ደንዝዞሽ ያውቃል?" አለችኝ። አፈርኩ። ይሄ ከወገብ ጋር ምን አገናኘው?

ለካ ያገናኘዋል። አከርካሪው ታችኛው ጫፍ ላይ ያሉት ነርቮች ክፉኛ ከተጫኑ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነው። "አዎ ብትይኝ ኖሮ ሳልነካሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነበር የምልክሽ" አለችኝ። ይህን ስትል ነው ልቤ ያረፈው። መቼ እጇን መሰብሰብ እንዳለባት የምታውቅ ሰው ናት ማለት ነው።

ቀጥሎ አስነሳችኝ። ወደ ፊት ጎንበስ፣ ወደ ኋላ ቀና፣ ወደ ጎን ዘንበል። በተረከዝ መራመድ፣ በጣት መራመድ። በትንሽ መዶሻ ጉልበቴንና ቁርጭምጭሚቴን ከጀርባው መታ መታ አደረገች። በጀርባዬ አስተኝታ እግሬን ሳይታጠፍ ወደ ላይ አነሳችው። ሕመሙ ከጉልበት በታች እንደ ኤሌክትሪክ ቢወርድ ዲስክ፣ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ፣ ነርቭ ነክቷል ብላ ትጠረጥር ነበር። የኔ አልወረደም። "ኤክስሬይስ?" አልኳት። እኛ ሰዎች ማሽን ካላየን መቼ ታከምን እንላለን! አያስፈልግም አለችኝ። ሳልወድቅ፣ ሳያተኩሰኝ፣ ሳይደነዝዘኝ ለመጣ ተራ የወገብ ሕመም ኤክስሬይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረው ነገር የለም።

አንድ ሰዓት ገደማ ነው የቆየሁት። እጇ የሠራው ከዚያ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ልብስም አላወለቅኩም። በጎኔ አስተኛችኝ፣ የላይኛውን ጉልበቴን አጠፈችው፣ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ ሌላውን ከወገቤ ዝቅ ብሎ አደረገች። "ተንፍሺ" አለች። ስተነፍስ አጭርና ፈጣን ግፊት። ቀጭ! ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከድንጋጤው በቀር የሚያም ነገር አልነበረውም። ድምፁ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ አይደለም። መገጣጠሚያው በድንገት ሲለጠጥ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ላይ የነበረው ግፊት ይቀንስና ጋዝ ይፈጠራል። ጣታችንን ስናንቋቋ የሚሰማውም ይኸው ነው። ባይጮህም አልሠራም ማለት አይደለም አለችኝ።

ግድግዳው ላይ የአንድ ፂማም ሰው ፎቶ አለ። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ነው፣ ሙያውን በ1895 አዮዋ ውስጥ ዳቨንፖርት ከተማ የጀመረው። የመጀመሪያ ታካሚው ሃርቪ ሊላርድ የሚባል ጥቁር የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። ፓልመር ጀርባውን ተጭኜ የጆሮውን መስማት መለስኩለት ብሏል። ዛሬ አንዱ ተነስቶ ጀርባሽን ተጭኜ ጆሮሽን፣ ስኳርሽን፣ አስምሽን ላድን ቢለኝ ቦርሳዬን ይዤ ውልቅ ነው። ለወገብ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መሐል አከርካሪን በእጅ ማከምን አስገብቶታል፣ ከማሳጅና ቀጭን መርፌ ከሚወጉበት አኩፓንክቸር ጋር። አዲስ የጀመረ የወገብ ሕመም በአብዛኛው በጊዜ ብዛት በራሱ እንደሚሻል ደግሞ እሷው ራሷ ነገረችኝ። ገበያዋን የሚያቀዘቅዝ ነገር ስትናገር ይበልጥ አመንኳት።

ጓደኛዬን የገጠማት ሌላ ነው። ስሙን የማልጠራው ቦታ ገና በመጀመሪያው ቀን የብዙ ወር ፓኬጅ አስፈርሟት ገንዘቡን ቀድሞ ወሰደ። ቢሻላትም ባይሻላትም ያው ክፍያ። እኔ ስሄድ ቀድሜ የጠየቅኩት ይህን ነበር። ጥቂት ጊዜ እናያለን፣ ለውጥ ከሌለ ወደ ሐኪምሽ ትመለሻለሽ አለችኝ። ኢንሹራንሴ ከፈለ፣ እኔ ኮፔይ የሚሉትን የራሴን ድርሻ ብቻ ሰጠሁ። የማስታምማቸው እትዬም ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ግን እሳቸው ሜዲኬር ናቸው፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ። ሜዲኬር ካይሮፕራክተር ጋ የሚከፍለው አከርካሪውን በእጅ ለማስተካከል ብቻ ነው። እዚያው ለሚታዘዝ ኤክስሬይና ማሳጅ አይከፍልም። ደግሞም አጥንታቸው የሳሳ ነው፣ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አልወስዳቸውም።

አሁን ማታ ነው፣ ሰውነቴን ቆረጣጥሞኛል። እስከ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል ብላኛለች። አልጋ ላይ መዋል ክልክል ነው፣ መራመድ አለብኝ። ጠዋትና ማታ የምሠራት እንቅስቃሴም አሳይታኛለች፣ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ ነገር። ሰው እንዴት እንደማነሳም አይታ እግርሽን ሰፋ አድርጊ፣ ወደ ሰውነትሽ አስጠጊያቸው ብላ አረመችኝ።

ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ። አንገቴን ግን አላስነካም ብያታለሁ። በጣም አልፎ አልፎ ቢሆንም የአንገት ደም ስር ተሰንጥቆ ስትሮክ ያመጣበት አጋጣሚ አለ፣ እኔን ደግሞ ያመመኝ ወገቤ ነው። አልተከራከረችኝም። "አንገት አይነካም" ብላ ፋይሌ ላይ ጻፈችው።