የሕይወትን አጀማመር ምርምር እንደ አማኝ ሳነበው

"ሳይንቲስቶች ሕይወትን ሊፈጥሩ ነው" የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። አንዱ "በቃ፣ ፈጣሪ የለም" ይላል። ሌላው ሳያነበው "ውሸት ነው" ይላል። እኔ አማኝ ነኝ፤ ኬሚስትሪም ነፍሴ ነው። ስለዚህ ዜናውን ትቼ ሙከራዎቹን ራሳቸውን ማንበብ ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ሙከራ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ምን ገባ፣ ምን ተደረገ፣ ምን ወጣ?

መጀመሪያ የያዝኩት አሜሪካዊው ኬሚስት ስታንሊ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመውን ነው። ውሃ፣ ሚቴን፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን በመስታወት ዕቃ ውስጥ ዘጋ። ውሃውን እያፈላ፣ በእንፋሎቱ መሃል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቀቀበት። ውሃው መጀመሪያ ሮዝ ሆነ፤ በሳምንቱ ደግሞ ቀልቶ ደፈረሰ። ሲመረመር ግላይሲንና አላኒን ተገኙበት። ፕሮቲን የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። የወጣው ሕይወት አይደለም፤ ግን እንደ ዋዛ የሚታይም አይደለም። በ1969 አውስትራሊያ ውስጥ ከሕዋ በወደቀው የመርቺሰን ድንጋይ ላይም አሚኖ አሲዶች ተገኝተዋል። እዚያ ላይ የማንም ኬሚስት እጅ የለም።

በ2009 የእንግሊዛዊው ኬሚስት የነጆን ሰዘርላንድ ቡድን፣ በሴል ውስጥ የዘር መረጃን የሚያደርሰው ሞለኪውል አርኤንኤ ከተሠራባቸው አራት መገንቢያዎች ("ፊደላት") ሁለቱን የሚሰጥ የኬሚስትሪ መንገድ አሳየ። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ምን በምን ጊዜ እንደሚጨመር የመረጡት ሰዎች ናቸው። ብዙ አማኞች ይህችን ይዘው "አያችሁ፣ አዋቂ ያስፈልጋል" ይላሉ። እኔ አልወሰድኳትም። ሰው ላብራቶሪ ውስጥ ነገሩን ማፋጠኑ ተፈጥሮ ብቻዋን አትችልም ማለት አይደለም። የማያምነውም ቢሆን ከሁለት ፊደል ተነስቶ ሕያው ሴል ላይ መድረስ አይችልም፤ በመካከሉ ያለው መንገድ ገና ብዙ ነው።

በጣም ያስገረመኝን ግን ያገኘሁት ከሳይንሱ ሳይሆን ከጥንት አባቶች ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት ሲሰብክ፣ እባብ መሳዩ ዓሣ ያለ እንቁላል ከጭቃ እንደሚወጣ ተናግሯል። መረጃው ስህተት ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቸስኮ ሬዲ በ1668 ትል ከሥጋ በራሱ እንደማይፈጠር አሳየ፤ በ1860ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ለረቂቅ ተሕዋስያን ያንኑ አረጋገጠ። ባስልዮስ ግን ሕይወት ከጭቃ ይወጣል ብሎ ሲያስብ እምነቱ አልተናጋም። ለእሱ ምድር የታዘዘችውን እየፈጸመች ነበር። ፈጣሪን ተፈጥሮ ባቃታት ቦታ ብቻ አልፈለገውም።

ከዚያ በኋላ "እስካሁን መሥራት አልቻሉም" የሚለውን መከራከሪያ ተውኩት። ነገ ቢችሉስ? ዛሬ የጎደለ እውቀት ላይ የተሰቀለ እምነት በየሙከራው ውጤት መባነኑ አይቀርም።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ሕይወት ከተራ ኬሚስትሪ በቀላሉ የሚነሳ ከሆነ፣ በሌሎች ዓለማትም ሊኖር ነው። ያኔ "ሰው በአምላክ አርአያ ተፈጠረ" የምንለውን እንዴት እንረዳዋለን? ንባቤ አሁን እዚያ ላይ ነው።