በሃዋርዶች የዘር ሐረግ ውስጥ ያሉት ልጃገረዶች

ሰሞኑን የእንግሊዞቹን የሃዋርድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ይዤ ተቀምጫለሁ። የኖርፎክ መሳፍንት ናቸው። እኛ ሰባት ቤት ድረስ የቆጠረን ሰው እናደንቃለን፤ እነሱ ግን በ1308 (እ.ኤ.አ.) ከሞተ ዊልያም ሃዋርድ ከሚባል ዳኛ ጀምረው ይቆጥራሉ። አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያለ ይወርዳል፣ ወንድ ከወንድ። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ትልልቁን ርስትና ማዕረግ ወደዚያ ቤት ያስገቡት ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ገና ልጆች። ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ጆን ሃዋርድ በ1483 የኖርፎክ መስፍን ሲባል በእናቱ በኩል ከሃዋርዶች በፊት የኖርፎክ መሳፍንት የነበሩት የሞውብሬዮች ዘር ስለነበረ ነው። የሞውብሬይ ርስት ወራሽ ደግሞ አን የምትባል ሕፃን ነበረች። በ5 ዓመቷ ለንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ልጅ ዳሯት፤ ሙሽራው 4 ዓመቱ ነው። በ8 ዓመቷ ሞተች። ርስቱ ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ እነ ሃዋርድ መመለስ ሲገባው ንጉሡ በፓርላማ አስወስኖ ለልጁ አስቀረው። ኤድዋርድ ሲሞት ሃዋርድ ለምን ዙፋኑን ከኤድዋርድ ልጆች ከወሰደው ከሪቻርድ ሦስተኛ ጎን እንደቆመ የገባኝ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው። በ1485 በቦስዎርዝ ጦርነት ላይ አብሮት ሞተ። የአን የእርሳስ ሬሳ ሣጥን፣ ማንነቷ ከተቀረጸበት ሰሌዳ ጋር፣ በ1964 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ሲቆፍሩ በነበሩ ሠራተኞች ተገኘ።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። አን ቦሊንና ካትሪን ሃዋርድ የሦስተኛው መስፍን የእህትና የወንድም ልጆች ናቸው። ሁለቱም ሄንሪ ስምንተኛን አገቡ፣ ሁለቱም አንገታቸው ተቀላ። አንን ሞት የፈረደባትን ችሎት የመራው ራሱ አጎቷ ነበር። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

እኔን በጣም የያዘችኝ ግን ሜሪ ፊትዝአለን ናት። አራተኛውን መስፍን አግብታ በ1557 ፊሊፕን ወለደች፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተች፣ 18 ዓመት እንኳ አልደፈነችም። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚኖርበት የአሩንደል ቤተ መንግሥት የመጣው በእሷ በኩል ነው። በሐረጉ ላይ ግን አንዲት መስመር ብቻ።

መስፍኑ በኋላ የሎርድ ዴከርን መበለት አገባ። እሷም ስትሞት ልጆቿ በእሱ ሞግዚትነት ሥር ቀሩ። በ1569 ትንሹ ወራሽ ከእንጨት ፈረስ ላይ ወድቆ ሞተ፣ ርስቱም ለሦስቱ እህቶቹ ሆነ። መስፍኑ ሦስቱንም ለሦስት ወንዶች ልጆቹ አጫቸው! ሀብቱ ከቤት አልወጣም። እሱ ራሱ በ1572 ከስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ጋር በማሴር ተከሶ ተሰየፈ።

ከሦስቱ እህቶች አን ዴከር ለፊሊፕ ደረሰች። ፊሊፕ በፕሮቴስታንቷ እንግሊዝ ካቶሊክ በመሆኑ በ1585 ለንደን ታወር እስር ቤት ገባ። ወንድ ልጁ የተወለደው እሱ ከታሰረ በኋላ ነው። ሊሞት ሲል ሚስቱንና ልጁን ልይ ብሎ ለመነ፤ አንዴ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ከሄድክ እንፈቅዳለን አሉት። እምቢ አለ፣ በ1595 እዚያው ሞተ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1970 ቅዱስ ብላዋለች። አን ግን በቁሟ ቀርታ ያንን ልጅ አሳደገች። ከእሱ በኋላ የመጡት የኖርፎክ መሳፍንት በሙሉ፣ በ2023 የንጉሥ ቻርልስን ንግሥ ያሰናዱት 18ኛው መስፍንም ጭምር፣ የሚወለዱት ከዚሁ ልጅ ነው።