ሰባት ፊደል ፍለጋ፦ ማይክሮ አርኤንኤና ፓርኪንሰን፣ ሦስተኛ ወር

ባለፈው ወር የጻፍኩትን ላነበባችሁ መጀመሪያ ማስተካከያ አለኝ። ማይክሮ አርኤንኤ «ጂን ማጥፊያ ናት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከመብራት ማጥፊያ ይልቅ የሬዲዮ ድምፅ መቀነሻን ነው የምትመስለው። ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያውከው የአንጎል በሽታ ላይ ደግሞ ይቺ ልዩነት ትልቅ ሆና አገኘኋት።

አዲስ ለተቀላቀላችሁ በአጭሩ። ጂን ፕሮቲን የሚያሠራው መልእክቱን መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ አስገልብጦ ነው። ማይክሮ አርኤንኤ 22 ገደማ ፊደል (ኤ፣ ዩ፣ ጂ እና ሲ የሚባሉ የኬሚካል ክፍሎች) ያላት የአርኤንኤ ቁራጭ ናት፤ ራሷ ፕሮቲን አታሠራም። አርጎኖት ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆና መልእክተኛውን ትይዘዋለች። የተያዘው ወይ ቶሎ ይፈርሳል፣ ወይ የሚያሠራው ፕሮቲን ይቀንሳል። የመጀመሪያዋን ያገኙት ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን ናቸው፤ በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ 1 ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ። ለዓመታት የትል ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር። በ2024 ኖቤል ተሸለሙበት።

ወደ ፓርኪንሰን ልመለስ። በዚህ በሽታ በብዛት የሚሞቱት መካከለኛው አንጎል ውስጥ ያሉት፣ እንቅስቃሴን የሚያግዘውን ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል አመንጪ ነርቭ ህዋሶች ናቸው። ውስጣቸው አልፋ ሳይኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ይጠራቀምና ይጓጉላል። እኔን ያነቃኝ በ2003 ስለተገለጸ አንድ ቤተሰብ ማንበቤ ነው። እኛ የዚህ ፕሮቲን ጂን 2 ቅጂ አለን፤ የቤተሰቡ ታማሚዎች 4 ነበራቸው። ጂኑ አልተበላሸም። ፕሮቲኑም ያው የሁላችንም ፕሮቲን ነው፤ በዛ እንጂ። እና መብዛት ብቻውን ሰው የሚያሳምም ከሆነ፣ ድምፅ መቀነሻዋ ማን ናት?

አንዷ ሚር-7 ናት («ሚር» የማይክሮ አርኤንኤ አጭር ስም ነው)። አልፋ ሳይኑክሊንን እንደምትቀንስ በ2009 ታየ፤ በዓመቱ ደግሞ ሚር-153 ተጨመረች። አምኜ ከማለፍ በገዛ ዓይኔ ልየው ብዬ የጂኑን ቅደም ተከተል አወረድኩ። ማይክሮ አርኤንኤ ዒላማዋን በዋናነት የምትለየው ከ2ኛው እስከ 8ኛው ባሉት ሰባት ፊደላት ነው። የሚር-7 እነዚህ ናቸው፦ ጂ-ጂ-ኤ-ኤ-ጂ-ኤ-ሲ። ጂ ከሲ፣ ኤ ከዩ ይጣመራል። ስለዚህ ሲ-ሲ-ዩ-ዩ-ሲ-ዩ-ጂ ብዬ ፍለጋ ገባሁ። ሁለት ምሽት ሙሉ! ያሰብኩበት ቦታ የለም። መያዣ መጨበጫው ጠፋኝ፤ እንዲያውም የተሳሳተ ጂን ያወረድኩ መሰለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሁለት የአርኤንኤ ክሮች ሲጣመሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚተኙት። አንዱ ራስጌ ያደረገውን ሌላው ግርጌ ያደርገዋል። ጥንዱን ጽፌ ከኋላ ወደ ፊት መገልበጥ ነበረብኝ፦ ጂ-ዩ-ሲ-ዩ-ዩ-ሲ-ሲ። ያወረድኩት ፋይል ደግሞ ዩን የሚጽፈው ቲ ብሎ ነው፤ እሱንም ቀየርኩ። ከፕሮቲን መመሪያው ቀጥሎ ባለው የመልእክቱ ጅራት ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሌሊት ብቻዬን ነው የጮህኩት። ይህን መማሪያ ላይ ስንቴ አንብቤዋለሁ መሰላችሁ፤ እጄ እስኪሳሳት ድረስ ግን አልገባኝም።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። በ2007 የወጣ ጥናት ሚር-133ቢ በታማሚዎች መካከለኛ አንጎል ውስጥ ቀንሳ እንደተገኘች ይናገራል። ፒትኤክስ3 የሚባል ፕሮቲን እሷን ያስመርታል፣ እሷ ደግሞ ዞራ እሱን ትቀንሰዋለች። ደስ የሚል ክብ ነው። በትልቅ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ስዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ከመቀነሷ ወደ ህዋሱ ሞት ወፍራም ቀስት አሰመርኩ። በኋላ ያገኘሁት የ2012 ጥናት ግን ሚር-133ቢ ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ዶፓሚን አመንጪ ህዋሶቻቸው ደህና መሆናቸውን ይነግረኛል። ለካ ቀስቱን በግልባጩም ማንበብ ይቻላል። ህዋሶቹ ሲሞቱ በውስጣቸው ያለችውም አብራ ትሄዳለች፤ መቀነሷ የሞቱ ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት ማይክሮ አርኤንኤዎች አያስፈልጉም ማለት አይደለም። ዳይሰር የሚባለውን፣ ማይክሮ አርኤንኤዎችን ከረጅም ክር ቆርጦ የሚያወጣውን ኢንዛይም ከእነዚሁ ህዋሶች ውስጥ ካጠፉት፣ ብዙዎቹ ማይክሮ አርኤንኤዎች መሠራታቸው ይቆማል፤ ህዋሶቹም ይሞታሉ። አንዷ ስትጎድል ሌሎች ይሸፍኑላት ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ደም ውስጥ ያሉ ማይክሮ አርኤንኤዎችን ለክቶ በሽታውን ቀድሞ ስለማወቅ የሚያወሩ ጥናቶችንም አነበብኩ። ውጤቶቻቸው እርስ በርስ አይስማሙም። አንዱ ችግር ቀላል ነው፤ ናሙናው ሲቀዳ ቀይ የደም ህዋሶች ከፈነዱ በውስጣቸው ያሉት ሚር-451ና ሚር-16 ይፈሱና ልኬቱን ያዛቡታል። ለጊዜው ትቼዋለሁ።

የሚቀጥለው ወር የሚር-34ቢ እና የሚር-34ሲ ነው። የመረጥኳቸው በሚር-133ቢ ስለተሸወድኩ ነው። በ2011 የወጣ ጥናት እነዚህ ሁለቱ የእንቅስቃሴ ችግር ገና ባልታየበት ደረጃ ላይ በነበሩ ሰዎች አንጎል ውስጥም ቀንሰው እንዳገኛቸው ይናገራል። ስለዚህ «ህዋሱ ስለሞተ ነው» የሚለው ማብራሪያ እዚህ ላይ እንደዚያ አይቀልም። አዲስ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ ቀስቱ ግን በእርሳስ ነው።