ቡናውን ሳናቀምስ የወጣንበት ቀን

ቡና እየቆላን ለሆቴልና ለካፌ ማቅረብ ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ንግድ ፈቃዱ፣ መቁያው፣ ማሸጊያው በየተራው አለቀ። እስካሁን የሚከነክነኝ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ የሆነው ነው።

ያኔ የወሰድነው ሥልጠና ላይ «ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ ራዕያችሁን ተናገሩ፣ ዋጋ መጨረሻ ላይ» ተብለን ነበር። አመንኩ። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ 32 ስላይድ ሠራሁ። የይርጋጨፌ ማሳ፣ ካርታ፣ የእናቴ ጀበና ሳይቀር አስገባሁ።

ሁለት ሰዓት አስጠብቀው አስገቡን። ሥራ አስኪያጁና የግዢ ኃላፊው ተቀምጠዋል። ባሪስታው፣ ማሽን ላይ ቡና የሚያፈላው ልጅ፣ ሽርጡን እንዳደረገ በሩ ጋ ቆሟል። አራተኛው ስላይድ ላይ የግዢ ኃላፊው «ኪሎው ስንት ነው?» አሉኝ። «እንደርስበታለን» አልኳቸው። ዋጋው 29ኛው ላይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ባሪስታው «በእኛ ማሽን ሞክራችሁታል?» አለ። እሱንም «ጥያቄ መጨረሻ ላይ ብናደርገው» ብዬ አለፍኩት። ልጁ ከዚያ በኋላ አልተነፈሰም። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ተደውሎላቸው ወጡ፤ አልተመለሱም። የግዢ ኃላፊው «በሉ ፕሮፎርማ ተዉልን» አሉ።

ግማሽ ኪሎ ቡና ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እንደታሸገ። ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ ሲንሿሿ ይሰማል። ቡና ሲቆላ ጭሱ ለእንግዳው ዞሮ በሚሸተትበት ቤት አድጌ እንዴት ከረጢቱን እንኳ አልከፈትኩም? ዛሬም ያንገበግበኛል።

ፕሮፎርማውም ፋይል ማሟያ ነው የሆነው። ሦስት ዋጋ ማወዳደር ነበረባቸው፤ ሦስተኛው እኛ ነን። ሳታቀምሱ ፕሮፎርማ አትስጡ።

አሁን ቢሮ አልገባም። መጀመሪያ ማሽኑ ጋ ነው የምሄደው፣ ከቁርስ ግርግር በኋላ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ። ከተቆላ አምስት ቀን የሆነው ቡና እይዛለሁ፤ ገና ከመቁያ የወረደ ጋዙ ስላልወጣለት ማሽን ላይ ያስቸግራል። ወፍጮውን ባሪስታው ራሱ ያስተካክለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስኒዎች ሊበላሹ ይችላሉ፣ አትደንግጡ። ከዚያ አንድ ጥቁር፣ አንድ ማኪያቶ። ማኪያቶውን በፍጹም እንዳትተዉት። አዲስ አበባ ውስጥ ቡናችሁ ወተት ሲገባበት ጣዕሙ ከጠፋ የትም አትደርሱም።

ዋጋውን ስኒው እጃቸው ላይ እያለ፣ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። በኪሎም በስኒም። ለአንድ ስኒ 8 ግራም ከሆነ ኪሎው 125 ስኒ ይወጣዋል፤ የሚባክነውን ቀንሱና 115 በሉት። ይህ፣ የማመጣበት ቀንና የክፍያው ጊዜ አንድ ወረቀት ላይ አለ። የዱቤውን ነገር እዚያው ጨርሱት፣ በኋላ ማሳደድ አድካሚ ነው። ንግግሬ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ወደዚያ ሆቴል ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነበር። ባሪስታው ለቋል። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።