የሐርዲቦ ጭቃ

ከደሴ የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው። የወልዲያን አስፋልት ይዘን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ሐይቅ ከተማ ገባን። ብዙ ሰው እዚህ የሚመጣው የእስጢፋኖስን ገዳም ሊሳለም ነው። እኔም ድሮ የመጣሁት ለዚያው ነበር። ዘንድሮ ያመጣኝ ጭቃ ነው።

አብሮኝ ያለው ጓደኛዬ የአበባ ብናኝ ያጠናል። ከትልቁ ሐይቅ ከፍ ብሎ ወዳለው ሐርዲቦ ሐይቅ ስንወጣ ግራ ቀኙን አየሁት። እርሻ፣ ክትክታ፣ ባሕር ዛፍ።

«ይሄ ሁሉ ደን ነበር እኮ» አልኩት። ተማሪ ቤት የሰማነው ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው ሀገራችን ደን ነበር ይባላል።

«መቼ?» አለኝ።

«በአያቶቻችን ጊዜ ነዋ!»

ዝም አለ።

በጀልባ መሃል ገባን። ጓደኛዬ በገመድ የታሰረ ግልጽ ቱቦ ለቀቀ። ቱቦው በራሱ ክብደት ወርዶ ጭቃው ውስጥ ይሰካል። የሚቀዝፉልን አባት ገመዱን አብረውን ሳቡ። ሲወጣ አንድ ክንድ የሚሆን ጭቃ ይዟል። ላይ ላዩ እንደ ተመታ አብሽ የለሰለሰ ነው። ወደ ታች እየጠቆረና እየጠጠረ ይሄዳል። መሃል ላይ ጣት የማትሞላ ቀላ ያለች መስመር አለች። ከዳገቱ ታጥቦ የወረደ አፈር ነው አለኝ።

ሐይቅ የወረደበትን ሁሉ እየደራረበ ያስቀምጣል። ብናኙም አብሮ ይሰጥማል። ቅርፊቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ላብራቶሪ ውስጥ አሸዋውን በአሲድ ሲያሟሙት እንኳ እሱ አይጠፋም። ከዚህ ጉዞ በፊት በማይክሮስኮፕ አሳይቶኝ ነበር። የዝግባ ብናኝ ነፋስ እንዲሸከመው ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢት አለው። የሣር ደግሞ ድንቡልቡል ሆኖ አንዲት ቀዳዳ አለችው። በየዘመኑ የትኛው ተክል እንደነበረ ለማወቅ ጓደኛዬ ከአንዲት ቁንጥር ጭቃ በመቶ የሚቆጠሩትን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ይሄን ትዕግስት ከልቤ አከብራለሁ።

የእኛ ቱቦ የሚነግረን የቅርቡን ነው። ጠለቅ ያለው ሥራ ቀድሞ ተሠርቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የዚህን አካባቢ 3000 ዓመት ከደለል አንብቧል። ጓደኛዬ ጀልባው ላይ ሆኖ ነገረኝ። አዎ፣ የዝግባና የጽድ ደን ነበረ። የተመነጠረው ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ነው። ከአክሱም መንግሥት በፊት! በቦታው ክትክታና ሣር ገብቶ 1800 ዓመት ቆየ።

ከዚያ ደኑ ተመለሰ። ይህን ስሰማ ገመዱን መጠቅለል ተውኩ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ጽዱ ከወይራው ጋር አገሩን መልሶ አለበሰው። እንግዲህ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሲያስተምሩ ዙሪያቸውን ያዩት እኔ መንገድ ላይ ያየሁትን ዓይነት ክትክታና ሣር መሆን አለበት። ደን ያዩት ከእሳቸው ኋላ የመጡት መነኮሳት ናቸው።

ባለፉት 300 ዓመታት ደግሞ እንደገና ተመነጠረ፤ አፈሩም ይታጠብ ጀመር። ያቺ ቀይ መስመር ትዝ አለችኝ። አያቶቻችን ከደሙ ንጹሕ ናቸው አልልም። ግን ሁሉንም በእነሱ ላይ ስጭን መኖሬ ከነከነኝ። ደግሞም ተራራው አንዴ ተራቁቶ ለብሶ ያውቃል። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ጓደኛዬ ቱቦውን ከላይም ከታችም ደፈነ። ቀኑን ጻፈበት፤ የላዩን ጫፍ የሚያሳይ ቀስትም ሣለ። ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ስለጠበበ እኔ ያዝኩት። ከተጋደመ ላዩና ታቹ ይደባለቃል። እስከ ደሴ ድረስ ጉልበቴ መሃል ቀጥ አድርጌ፣ በሁለት እጄ ጨብጬ ወሰድኩት።