አርባ አረንጓዴ መስመሮች

ዛሬ ቁም ሳጥኔን ሳጸዳ የድሮው የጆሮ ማዳመጫዬ ወጣ። የአንደኛው ጆሮ ስፖንጅ ተልጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ የሚባለው የኢንተርኔት ጌም ከወጣ በኋላ፣ በየማክሰኞው ማታ እሱን አጥልቄ ከሠላሳ ዘጠኝ ሰው ጋር «ሞልተን ኮር» የሚባለው የጌሙ ዋሻ ውስጥ እገባ ነበር። አሥር ቦስ፣ ማለትም አሥር ዋና ጠላት አለው፤ የመጨረሻው ከእሳቱ ውስጥ ብቅ የሚለው ራግናሮስ ነው።

እኔ ፕሪስት ነበርኩ፣ ሂለር፤ ሥራዬ የተጎዱትን ማከም ነበር። ሂለር ጦርነቱን አያይም። የሚያየው ስክሪኑ ጥግ ላይ የተደረደሩትን አርባ የጤና መስመሮች ነው። አንዱን ስትሞላ ሌላው ይጎድላል። ሰዎቹንም የማውቃቸው በመስመራቸው ነበር፤ ማን እሳት ላይ ቆሞ እንደሚፈዝ፣ ማን ቸኩሎ ቀድሞ እንደሚመታ።

ባሮን ጌደን የሚባለው ቦስ ከመሃላችን አንዱን ቦምብ ያደርገዋል። የተመረጠው ወዲያው ሮጦ ከሰው መራቅ አለበት። አንድ ማክሰኞ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ዓይኔ ታንኩ ላይ፣ የቦሱን ዱላ ፊት ለፊት የሚቀበለው ተጫዋች ላይ ተተክሎ የራሴን ጉድ አላየሁም፤ ሂለሮቹ ደግሞ አጠገቤ ነበሩ። እነሱ ሲወድቁ ታንኩን የሚያቆየው ማን ነው? ብዙም ሳይቆይ አርባችንም አለቅን።

እናቴ «ዴድ» የምትለዋን ቃል ሰምታ ከሳሎን መጣች።

«አንተ ልጅ፣ ማነው የሞተው?»

«ጌም ነው እማዬ።»

«ስንት ሰው?»

«አርባ።»

አማተበች። አርባ ሲባል እሷ የምታስበው ተዝካር ነው።

ማንም አልሰደበኝም። መሪያችን «ተነሱ፣ እንመለስ» ብቻ አለ። ከዚያ ወዲያ ግን ዋርሎክ የሚባለውን ጠንቋይ የሚጫወት አንድ ልጅ ቦምቡ ለሌላ ሰው ቢደርስ እንኳ የኔን ስም እየጠራ «ሩጥ!» ይል ነበር። ወራት ሙሉ። እኔም ዝም ብዬ እሮጥ ነበር።

ሉቱን፣ ማለትም ቦሱ ሲሞት የሚወድቀውን ዕቃ፣ እቁብ ነው እንዳልል፣ እቁብ ውሎ አድሮ ለሁሉም ይደርሳል። እዚህ ለአርባ ሰው የሚወድቀው ጥቂት ዕቃ ነው። የፕሪስቱን በትር የሚያስገኘው «ዓይን» የሚባል ዕቃ ስንት ሳምንት ጠብቀነው ሲወጣ ለሌላው ፕሪስት ደረሰ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፤ ማይኩን ዘግቼ ያልኩት ሌላ ነው።

ጊልዱ፣ አብረን የምንጫወተው ቡድን፣ ሳንሰነባበት ተበተነ። ማታ ማዳመጫውን አስቀምጬ የራግናሮስን ውጊያ ዩቲዩብ ላይ ከፈትኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ገድለነው፣ ትልቅ መዶሻ እንደሚይዝ ልብ ያልኩት ገና ዛሬ ነው።