ማራገፉ ከመጫኑ ይከብዳል፦ አፓቼን በኤንጂን ኤክስ ስተካ

ለገጣፎ ውስጥ ባለ አንድ ኡቡንቱ 22.04 (የሊነክስ ዓይነት) ሰርቨር ላይ አፓቼን አራግፌ ኤንጂን ኤክስ ጫንኩ፤ ሁለቱም ድረ ገጽን ለጎብኚ የሚያቀርቡ ፕሮግራሞች ናቸው። መጫኑ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ጊዜ የፈጀው ሌላው ነው።

እዚህ አካባቢ መብራት ሳይታሰብ ስለሚጠፋ ማውረዱንና መጫኑን ለያየሁ። ከ«ሱዶ አፕት አፕዴት» በኋላ (አፕት የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛና ማራገፊያ ነው) በኢንስቶል ትእዛዙ ላይ «ዳውንሎድ ኦንሊ» የሚለውን አማራጭ ጨምሬ ፓኬጆቹን ብቻ አወረድኩ፤ ለመጫን ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሥራውን በሙሉ ያከናወንኩት ግንኙነት ቢቋረጥም ሰርቨሩ ላይ ሥራውን በሚያስቀጥለው ፕሮግራም፣ በቲመክስ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ቢኖረውም ራውተሩ ከሌለው፣ መብራት ሲሄድ ከርቀት የምገባበት የኤስኤስኤች ግንኙነት ይቆረጥና አፕት መሀል ላይ ይቀራል። በቲመክስ ከሆነ ግን ሥራው ይቀጥላል፤ መልሶ መግባት ብቻ ነው። ሰርቨሩ ራሱ ከጠፋ ደግሞ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰጠው ትእዛዝ «ሱዶ ዲፒኬጂ ኮንፊገር» ከ«ኤ» አማራጭ ጋር ነው፤ ዲፒኬጂ ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጆቹን የሚጭነው ፕሮግራም ሲሆን፣ በግማሽ የቀሩትን አዋቅሮ ይጨርሳል።

ወደ ማራገፉ ስመጣ፣ በቅድሚያ በኢቲሲ ሥር ያለውን የአፓቼ2 የኮንፊግ (የማዋቀሪያ) ፎልደርና የድረ ገጹን ፋይሎች በታር ጠቅልዬ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። የተሳሳትኩት ቀጥሎ ነው፦ «ሪሙቭ» ብዬ አንስቼ፣ የቀሩትን የኮንፊግ ፋይሎች በእጄ ሰረዝኳቸው። ለሙከራ አፓቼን መልሼ ስጭነው አልነሳም አለ። ዲፒኬጂ የኮንፊግ ፋይል ጠፍቶ ሲያገኝ ባለቤቱ ሆን ብሎ እንደሰረዘው ይቆጥራል፤ ስለዚህ ድጋሚ ሲጫን አይመልሰውም። መፍትሔው «ሱዶ አፕት ፐርጅ አፓቼ2» ብሎ እንደ አዲስ መጫን ነው። «ሪሙቭ» ፕሮግራሙን ያነሳል፣ ኮንፊጉን ይተዋል፤ «ፐርጅ» ኮንፊጉንም ያነሳል። የቀረ መኖሩን ለማየት «ዲፒኬጂ ኤል» ብዬ በመስመሩ መጀመሪያ «አርሲ» (ተነስቶ ኮንፊጉ የቀረ) የሚል ምልክት ያለባቸውን ፈለግሁ። ከእንግዲህ አያስፈልጉም የተባሉ ፓኬጆችን የሚያነሳው «አውቶሪሙቭ» ሲሰጥ ግን ዝርዝሩን ሳያነቡ እሺ ማለት አይገባም፤ የሚያስፈልግ ነገርም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ኤንጂን ኤክስን ከመጫኔ በፊት ድረ ገጽ የሚቀርብበት ፖርት 80 ነጻ መሆኑን በ«ሱዶ ኤስኤስ» በ«ቲኤልኤንፒ» አማራጮች አየሁ። አፓቼ እየሠራ ከተጫነ ኤንጂን ኤክስ አይነሳም፤ ስህተቱም አድራሻው ተይዟል የሚል ቁጥር 98 ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የድረ ገጹን የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት ነው። ሰርተፍኬት የሚያወጣውና የሚያድሰው ፕሮግራም፣ ሰርትቦት፣ ሰርተፍኬቱን ያወጣው በአፓቼ በኩል ከሆነ፣ የማደሻ ፋይሉ ላይ የተጻፈውም አፓቼ ነው። ድረ ገጹ ያለ እንከን ይሠራል፤ የማደሻው ቀን ሲደርስ ግን እድሳቱ ይከሽፋል፣ የሰርተፍኬቱም የ90 ቀን ዕድሜ ያልቃል። የሰርትቦትን የኤንጂን ኤክስ ፕላጊን ጭኜ ሰርተፍኬቱን በእሱ በኩል ድጋሚ አወጣሁ፤ ከዚያም «ሰርትቦት ሪኒው» ላይ «ድራይ ራን» ጨምሬ እድሳቱን ሞከርኩ።